የጋሽ ሸዋንዳኝ ነጭ አፈር

«እህሳ፣ ምን ይላል ኮምፒውተርህ?» አሉ ጋሽ ሸዋንዳኝ፣ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው እየጎተቱ።

ጂኦሎጂስቱ ገነነ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለ። ስክሪኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ተዘርግቷል፤ አብዛኛው ለጥ ያለ ነው፣ እዚህም እዚያም ግን ሽቅብ የተወነጨፈ ሹል አለው። የተፈጨ ድንጋይ ኤክስሬይ ሲያርፍበት የራሱን ሹሎች በራሱ ቦታ ያወጣል። የኦቾሎ መንደር ሸማኔ የነበሩት የገነነ አባት ጥለት አይተው የማን እጅ እንደሆነ ይናገሩ ነበር፤ ይህም ፕሮግራም እንደዚያው ነው። አፈሩ አዲስ አበባ ተልኮ በኤክስሬይ ተነሥቷል፣ ውጤቱም በፍላሽ መጥቷል፤ ፕሮግራሙ ከሺህ ማዕድናት ጋር አስተያይቶ ስሙን መጥራት ብቻ ነበር የቀረው። ጠራው። ጂፕሰም።

ጂፕሰም ማለት ደግሞ የአስተማሪ ጠመኔ ነው። ገነነ ሽማግሌው ያንን የድሮ የማርማላታ ጠርሙስ ከነአፈሩ ለምርመራ ይዘውለት ከመጡበት ቀን ጀምሮ የፈራው ይህንኑ ነበር።

በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ገነነ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ጋሽ ሸዋንዳኝም ከደብረ ማርቆስ ተመድበው የመጡ የሳይንስ አስተማሪ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ አርባውንም ልጅ አስከትለው የጨንቻን ዳገት ወጡ። ካኪ ሱሪያቸው እስኪቆሽሽ ተንበርክከው ከመንገዱ ዳር ነጭ አፈር በሰንጢ ፈልፍለው አወጡና ቀመሱት። «ምላስ ላይ ሙጭጭ ካለ ካኦሊን ነው። የሸክላ ሳህን የሚሠራበት!» አሉ። አርባ ልጅ ተሰልፎ ምላሱን አወጣ። ላንቴ መንደር የተገዛው ሙዝ በኪሳቸው ተጨፍልቆ፣ እየዘፈኑ ወረዱ። አፈሩንም ጋሼ በማርማላታ ጠርሙስ አድርገው ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ገነነ ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲፈጭ እንዲኖር ያደረገችው ያቺ ቅዳሜ ናት።

በሳምንቱ የጽዳት ተራው ደረሰ። የመጥረጊያው እጀታ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው ላይ ጣለው፤ አፈሩ ወለሉ ላይ ተዘራ፣ ከጠርሙሱ ሥር የቀረው ሁለት ጣት አይሞላም። ልጁ አለንጋውን አሰበ። ከአለንጋው በላይ ግን የጋሼን ፊት አሰበ። ጠመኔ ወቅጦ ሞላው፣ ከደነው፤ ማንም አላየውም።

«ጂፕሰም ነው የሚለው፣ ጋሼ» አለ ገነነ።

ሽማግሌው «እነዚያም እንደዚሁ ነበር ያሉት» አሉ።

«እነማን?»

«ያን ጊዜ ከጠርሙሱ ቆንጥሬ አዲስ አበባ ለአንድ የማዕድን ቢሮ ልኬ ነበር። ‹ጠመኔ እኛም ጋ አለ፣ አይላኩ› ብለው ጻፉልኝ። ደብዳቤው በዲሬክተሩ በኩል ነበር የመጣው፤ መምህራኑ ዓመቱን ሙሉ ‹መምህር ጠመኔ› ሲሉኝ ከረሙ። ቅስሜ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ተማሪ ይዤ ዳገት ወጥቼ አላውቅም።»

ጉዞው ለምን እንደቀረ ልጆቹ ደጋግመው ጠይቀው ነበር፤ እሱም አብሮ ጠይቋል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የናፈቃቸውን ቅዳሜዎች ያስቀረው ለካ ራሱ ነው።

«በል እንግዲህ» አሉ ባርኔጣቸውን እያነሡ። «ዘመናዊውም መሣሪያ መሰከረ። ያኔም አላውቅም ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ልጅ ሳሳስት ኖርኩ።»

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለ ገነነ። «እርስዎ አልተሳሳቱም። አፈሩን የደፋሁት እኔ ነኝ፣ በጽዳት ተራዬ። ፈራሁና ጠመኔ ሞላሁበት።»

ጋሽ ሸዋንዳኝ አፈጠጡበት። ገነነ አንገቱን ደፍቶ እርግማኑን ጠበቀ።

«ሁሉንም ነው የደፋኸው?»

«አይ… ከሥር ትንሽ ቀርቶ ነበር።»

«ታዲያ የታለች? ምን ትጠብቃለህ፣ ፈልጋታ እንጂ!»

ገነነ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ፕሮግራሙን የጂፕሰሙን ሹሎች በሙሉ እንዲያነሣ አዘዘው። ትልልቆቹ አንድ በአንድ ወረዱ፤ መስመሩ የተኛ መሰለ። ትልቁ ሹል ከቆመበት ጎን ግን እስካሁን ተጋርዳ የኖረች አንዲት ጉብታ ቀረች። ስሟን እንዲፈልግ አዘዘና ጠበቀ። ካኦሊናይት አለ፤ የካኦሊን አፈር ማዕድን።

ሊያነብላቸው አፉን ሲከፍት ቀደሙት። እሳቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ ፊታቸውን አስጠግተው ፊደሎቹን ራሳቸው ቆጠሯቸው።

«ትንሽ ናት፣ ጋሼ።»

«ትነስ» አሉ።

ጣታቸውን ጉብታዋ ላይ አሳረፉ፤ አላነሡትምም። ገነነ ስክሪኑ እንዳይጨልምባቸው ማውሱን በየደቂቃው እየነካካ ቆየ።