የወይዘሮ ጥሩዓለም ሽንፈት

ለክልሉ ምክር ቤት የተመረጠ ሰው ለዘመድ እንዳያዳላ፣ የቤተሰቡ ትዝታ ከአእምሮው እንዲፋቅ በሕግ ከተደነገገ ቆይቷል። ወይዘሮ ጥሩዓለም ይህን ተቀብላ ሦስት ጊዜ ተወዳደረች፤ ሦስቱንም አሸነፈች። ወረዳዋ ንጹሕ ውኃ ያገኘው፣ ሆስፒታልም የተሠራለት በእሷ ዘመን ነው። በአራተኛው ምርጫ ግን ተሸነፈችና ሻንጣዋን ይዛ፣ ቤትሽ ነው ወደተባለችው ቤት ሄደች።

በሩን አንዲት ወጣት ሴት ከፈተችላት።

«ይቅርታ፣ ማን ልበል?» አለች ጥሩዓለም።

«ማስተዋል ነኝ፤ ልጅሽ።»

ማስተዋል አስገብታ አስቀመጠቻትና ሻይ ያለ ስኳር፣ ጦስኝ ጣል አድርጋበት አቀረበችላት።

«እንዲህ እንደምወድ በምን አወቅሽ?»

«ድሮም የማፈላልሽ እኔ ነበርኩ።» ማስተዋል አቀረቀረች። «እማዬ፣ ከሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ። ቤት ለቤት እየዞርኩ እንዳይመርጡሽ የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ።»

ጥሩዓለም ደሟ ፈላ። «ምን በደልኩሽ?»

«ምንም። ልጄንም የተገላገልኩት አንቺ ባሠራሽው ሆስፒታል ነው። ግን እናቴ ናፈቀችኝ።»

አንዴ የተፋቀ ትዝታ እንደማይመለስ ሁለቱም ያውቃሉ። ጥሩዓለም ንዴቷ እስኪበርድ ሻይዋን ፉት አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት።

«ነይ ተቀመጪ» አለቻት። «እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»