ኮንቴይነር ውስጥ ዝም ያለችው የስካውት መሪ

«እትዬ ራሄል... በሩ አይከፈትም።»

ራሄል በሁለት እጇ ገፋችው። በትከሻዋ ገፋችው።

አልነቃነቅ አለ።

ቦታው ሰመራ ነው። ግንቦት ወር፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል።

ራሄል አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በበጎ ፈቃድ ስካውቶችን ትመራለች።

ያን ቀን አዋሽ ለሚያደርጉት ካምፕ ድንኳን ሊያወጡ ነበር፣ እሷና ዘጠኝ ልጆች አሮጌው ኮንቴይነር ውስጥ የገቡት።

አቧራ የቀላቀለ ነፋስ ድንገት ተነሣ... የብረቱን በር አላግቶ ዘጋው። የውጪው መቀርቀሪያ ወድቆ ቆለፈባቸው።

ስልክ?

የሁሉም ስልክ ውጪ፣ ለጥላ ከተሠራው ዳስ ሥር፣ አንድ ቦርሳ ውስጥ ነው። «በሥልጠና ሰዓት ስልክ አይያዝም» የሚለውን ሕግ ያወጣችው ደግሞ ራሷ ራሄል ናት።

ስልኮቹ ሲጠሩ ይሰማል... ጠርተው ጠርተው ይዘጋሉ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ወለሉ አጠገብ ዝገት ከበላው ቀዳዳ ብቻ ትንሽ ብርሃን ይገባል። ግድግዳው በፀሐይ ግሎ እጅ አያስነካም።

የአሥራ አንድ ዓመቱ አብዱናሲር ማልቀስ ጀመረ።

ራሄል «አይዟችሁ» ልትል አፏን ከፈተች።

ድምፅ አልወጣም።

በሩን ተደግፋ ተቀመጠች። ትሰማለች፣ ታያለች... ግን መናገር አልቻለችም።

ልጆቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረዋል። መሪያቸው ናት። ምን እናድርግ እያሉ ይጠብቋታል።

በዚህ መሀል ኑርሀያት ተነሣች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ኡሙሀኒ ከወሎ መጥታ ሰመራ ላይ ምግብ ቤት የከፈተች ሴት ናት።

«ዝም በሉ» አለች ኑርሀያት። «አልገባችሁም? እትዬ ራሄል እኮ እየፈተኑን ነው። ያለ እሳቸው ምን እንደምናደርግ ሊያዩ ነው።»

አብዱናሲር ዓይኑን ጠረገ። «የእውነት?»

«የእውነት። ና፣ አንተ ቀዳዳው ጋ ተኛ። አፍህን አስጠጋ።»

ትንንሾቹን በየተራ ቀዳዳው ጋ አስተኛች። የነበረቻቸውን አንድ የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ በክዳኑ እየለካች አጠጣቻቸው። ትልልቆቹ የድንኳን ብረት ይዘው ግድግዳውን እንዲመቱ አደረገች። ሦስት ጊዜ መምታት... ዝም ብሎ ማዳመጥ... እንደገና ሦስት ጊዜ።

ሃምሳ ደቂቃ እንዲህ አለፈ።

አንዲት ልጅ አስመለሳት። ሁለቱ መቆም አቃታቸው።

ራሄል ይህን ሁሉ ቁጭ ብላ አየች።

በመጨረሻ ሌላው የበጎ ፈቃድ መሪ፣ ሎጊያ መለዋወጫ የሚሸጠው ሱሩር፣ ዘግይቶ በባጃጅ ደረሰ። ግድግዳው ሲመታ ሰምቶ ሮጠ። መቀርቀሪያውን አነሣው።

«አልሀምዱሊላህ... አልሀምዱሊላህ...» እያለ አንድ በአንድ ተቀበላቸው።

ሁሉም በሕይወት ወጡ።

ልጆቹም ለወላጆቻቸው ነገሩ። «እትዬ ራሄል ሆን ብለው ዝም አሉ። ራሳችንን እንድንመራ ፈተኑን።»

ወሬው ከሰመራ ሎጊያ፣ ከሎጊያ ዱብቲ ደረሰ።

መንገድ ላይ የማያውቋት ሰዎች አስቁመው መረቋት። ቢሮ ውስጥ አለቃዋ አጨበጨበላት። ለወላጆች ስብሰባ የምስጋና ወረቀት ተዘጋጀላት።

ራሄል አንድም ሰው አላረመችም። መጀመሪያ ቀን ደከመኝ ብላ ዝም አለች። በሁለተኛው ቀን አፈረች። በሦስተኛው ቀን... በየት በኩል ትጀምረው?

ከኮንቴይነሩ ወጥታለች። ከዚህኛው ግን መውጫ አጣች። እንቅልፍ የለም፤ ምግብ አይወርድላትም።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ስሟ ተጠራ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ።

ራሄል ማይኩን ያዘች።

«ይህን ወረቀት አልወስድም» አለች። «ፈተና አልነበረም። ፈርቼ ነው። ምላሴ ታስሮ ነው። ልጆቻችሁን ያወጣኋቸው እኔ አይደለሁም።»



ከኋላ አንድ አባት ተነሡ። አቶ ደግነት ይባላሉ። ኮንቴይነሩ ውስጥ ያስመለሳት ልጅ አባት ናቸው።

«ታዲያ ልጆቻችንን ለማን ነው የሰጠነው?»

ራሄል አንገቷን ደፋች።

ያኔ ኑርሀያት ተነሣች።

«እኔ አውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?» አለች እናቷ ኡሙሀኒ።

«መፍራታቸውን። አፋቸውን ከፍተው ድምፅ ሲያጡ አይቻለሁ። ፈተና ነው ያልኩት ውሸቴን ነው። ትንንሾቹ እሳቸው መፍራታቸውን ካወቁ ሁሉም ይረበሻል ብዬ ነው።»

ራሄል ቀና አለች። እስከዚያች ሰዓት ልጅቷ ከልቧ አምና የተናገረች ነበር የመሰላት።

«ደግሞ...» አለች ኑርሀያት። «ስካውት የገባሁ ሰሞን ሰልፍ ፊት አውጥተውኝ መናገር አቅቶኝ ቆሜ ቀረሁ። ልጆቹ ሊስቁብኝ ሲሉ እትዬ ራሄል ‹ጠብቋት፣ እያሰበች ነው› አሉ። እያሰብኩ አልነበረም። ፈርቼ ነበር። እሳቸውም ያውቁ ነበር። ሌላ ምን ላድርግ? ያሳዩኝን ነው ያደረግኩት።»

ራሄል እዚያው መድረኩ ላይ አለቀሰች።

አቶ ደግነት «ልጄ ትቀጥላለች» አሉ። «ግን የዚያ ኮንቴይነር መቀርቀሪያ ዛሬውኑ ይነቀል። ሁለተኛ ደግሞ ሁላችሁም አንድ ላይ እንዳትገቡ፤ አንድ ትልቅ ሰው ውጪ ይቁም።»

ሱሩር ከሰዓት በኋላ መፍቻ ይዞ ሄዶ ነቀለው።

ወዳጆቼ... ልጆች የምንነግራቸውን ሊረሱት ይችላሉ። በሚያፍሩበት ሰዓት እንዴት እንደያዝናቸው ግን አይረሱም። አንድ ቀን እኛም በተራችን እንፈራለን፤ ያን ጊዜ የሚይዙን እንደያዝናቸው ነው።

እስቲ እናንተ በራሄል ቦታ ብትሆኑ... ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያጨበጭብ እውነቱን ትናገሩ ነበር? ወይስ ወረቀቱን ተቀብላችሁ ዝም ትሉ ነበር? ከልባችሁ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።