እስከ ስምንት ሰዓት

መኪናዋ የቤተሰቡ አባት ሲሞቱ የቀረች ናት። ዕድሜዋ ከበኩር ልጃቸው ይበልጣል፤ ቢሆንም መንገድ ላይ ጥላቸው አታውቅም። በዚያ ጠዋት መሪውን የያዘው ይኸው በኩር ልጅ ነው። ከኋላ እናቱና ታናሽ እህቱ ተቀምጠዋል።

የሚሄዱት ሆስፒታል ነው። ቤተሰቡ «ሳቂታው» የሚለው የመጨረሻ ልጅ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከድተውት እዚያ ተኝቷል። ከሩቅ የመጡት ቀዶ ሐኪሞች የሚቆዩት እስከ ነገ ብቻ ነው። ኩላሊት ሰጪው ዛሬ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ካልደረሰ ተራው ለሌላ ሰው ያልፋል። ሳቂታው ደግሞ ሌላ ተራ የሚጠብቅበት ጊዜ እንደሌለው ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ተናግሯል።

ሰጪው በኩር ልጅ ነው። እናቱ ዘመድ በተሰበሰበበት እግሩ ላይ ወድቀው «ወንድምህን አትርፍልኝ» ሲሉት፣ ቀና ሳይል «እሺ» አለ። ዘመድ ሁሉ አገላብጦ ሳመው። ከዚያን ቀን ወዲህ ምግብ አልገባለት ብሎ ከስቷል። ለወንድሙ አስቦ ነው ተባለ።

ጠዋት ሲነሱ ሳቂታው ደውሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ኩላሊትህ እንዳንተ ዝምተኛ ከሆነ አልቀበልም» አለው። ሁሉም ሳቁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መንገዱ ገና ሳይጋመስ፣ አንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ቆሙ። በኩር ልጅ «ሞተሯ ሞቃለች፣ ውሃዋን ልይላት» ብሎ ኮፈኑን ከፈተ። ከጎን ጋራዥ ያለው ሜካኒክ ሳይጠሩት ጀሪካን ይዞ ከተፍ አለ። እንዲህ ያለ ሰው መቼም የትም አይጠፋም፤ ኮፈን ሲከፈት ሰርግ የተጠራ ይመስለዋል። በኩር ልጅ እጁን ታጥቦ ከእናቱና ከእህቱ ጋር ሻይ ሊጠጣ ገባ፤ ሜካኒኩ ጎማ ልንፋ ብሎ እዚያው ቀረ።

ጠጥተው ሲወጡ መኪናዋ አልነሳ አለች።

ሜካኒኩ ኮፈኑ ውስጥ ጭንቅላቱን ቀብሮ ቆየና ቀና አለ። «አለቃ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የምታከፋፍለው የለችም። አውራ ጣት የምታህል ጥቁር እቃ ናት። ተነቅላለች።»

«ማን ነቀላት?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አባባ ማታ ማታ እየነቀለ ቤት ያስገባት የነበረችው ናት» አለች እህቲቱ። «ሌባ መኪናዋን እንዳይወስድ። ይሄ ሰውዬ አውቆ ነው የነቀላት።»

«የዚህ ዓይነት መኪና ካየሁ አሥር ዓመቴ ነው» አለ ሜካኒኩ። «እቃዋ ከተማ ካልሆነ አትገኝም። ክፈሉኝና ልሂድ፤ እስከ ማታ እመለሳለሁ።»

እናትየው «ማታ?» ብለው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ይንቀጠቀጡ ጀመር። እህቲቱ ከመኪናዋ ወንበር ላይ የታላቅ ወንድሟን ጃኬት አምጥታ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። እጃቸውን ኪሱ ውስጥ ከተው ኩርምት አሉ። ከጠዋት ጀምሮ «ፍጠኑ፣ ልጄ እየጠበቀኝ ነው» ሲሉ የነበሩት ሴት ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። አራት ሰዓት ሆኖ ነበር።

በኩር ልጅ ሜካኒኩን አንገቱ ሥር አነቀው። ጋራዡ ገብቶ ሣጥኑን ዘረገፈው። አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ከየመኪናው የተነቀለ እቃ ወጣ። አንዱም ለእነሱ መኪና አይሆንም።

«ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?»

«ሃያ ዓመት የሠራሁበት ነው። አሮጌ እቃ አልጥልም።»

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አለች የሻይ ቤቷ ባለቤት። ሰው እየተሰበሰበ ሄደ።

አምስት ሰዓት ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆመላቸው። ጋቢናው ውስጥ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ነው።

«ጋሼ፣ አንተ ሂድ» አለች እህቲቱ። «ዋናው ያንተ መድረስ ነው።»

«እማዬን እንዲህ ሆና ጥያት?»

«እማዬ፣ ሂድ በይው እንጂ።»

እናትየው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። ከስቷል፤ ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ በጠራራ ፀሐይ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ከንፈሩ የአባቱ ነው።

«ትንፋሽ አጠረኝ» አሉ። ሾፌሩ ትንሽ ጠብቆ ሄደ። ከዚያ በኋላ የቆመ መኪና አልነበረም።

የሻይ ቤቷ ባለቤት ያስጠራችው ፖሊስ የመጣው ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ሜካኒኩ «ልጆቼን ይንሳኝ፣ አልነካሁም» እያለ ማለ። ፖሊሱ የተሰበሰበውን ሰው ዞር ብሎ እያየ፣ «ሲነቅል ያየ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ አይቻለሁ» አሉ እናትየው። «እጁን ሲከት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«ምነው እናቴ» አለ ሜካኒኩ። «ምን በደልኩዎ?»

ፖሊሱ ይዞት ሄደ። ጀሪካኑ መኪናዋ አጠገብ ቀረ።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የእህቲቱ ስልክ ጮኸ። ሳቂታው ነው። «የት ደረሳችሁ? ዶክተሩ በር በሩን እያየ ነው።»

«ቀርበናል» አለችና ድምጿ ሲቆራረጥባት ስልኩን ለእናቷ አቀበለች። በግራ እጃቸው ተቀበሉ። «ልጄ» አሉና ስልኩን መለሱላት።

እህቲቱ ስልኩን ይዛ ከሻይ ቤቱ ኋላ ልታለቅስ ሄደች። በኩር ልጅ እናቱ ፊት መጥቶ ቆመ።

«እማዬ፣ ጃኬቱን ልቀበልሽ። ፀሐይ እኮ ነው።»

«ተወኝ፣ በርዶኛል።»

ሁለቱም የሻይ ቤቱን የግድግዳ ሰዓት ያዩ ጀመር። ስምንት ሆነ፤ ስምንት ከአምስት ሆነ።

እናትየው ከአራት ሰዓት ጀምሮ ከጃኬቱ ኪስ ያልወጣውን ቀኝ እጃቸውን አውጥተው፣ አውራ ጣት የምታህለውን ጥቁር እቃ ልጃቸው መዳፍ ላይ አስቀመጡና «በል ግጠማት፤ ወደ ቤታችን እንሂድ» አሉት።