የአስተርጓሚዋ መልስ

ቦርከና ወንዝ ዳር ውለው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲመለሱ፣ የሚሲዮኗ ነርስ የምትነዳውን ላንድሮቨር ኬላ ላይ አብዮት ጠባቂዎች አስቆሙት። አንዱ በመስኮቱ አጎንብሶ አስተርጓሚዋ ሥርጉት ላይ አፈጠጠባት።

"ፈረንጇን ስለ አንቺ ጠይቂያት። አንቺም ጴንጤ ሆነሻል ወይ? እሷ ትንገረኝ።"

በጴንጤነት የታሰሩት የሥርጉት ጓደኞች እስካሁን አልተፈቱም። እሷ ግን ጥያቄውን ምንም ሳታጎድል ለነርሷ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። የነርሷ ፊት አመድ መሰለ። ዋሽታ የማታውቀው ሴት መሪውን ጨምድዳ ይዛ፣ "አይደለችም በይው፤ ስለ እግዚአብሔር፣ አይደለችም በይው" ብላ በእንግሊዝኛ ለመነቻት።

"ምን አለች?" አለ ጠባቂው።

ሥርጉት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

"አዎ፣ ሆናለች ትላለች" አለችና፣ ውረጂ እስኪላት ሳትጠብቅ በሩን ከፍታ ወረደች።