አራተኛው ዝም አለ

«ቁልፉን ስጠኝ» ይለኛል ጨረቃ። መዳፉን ዘርግቷል።

«ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አልሰጥህም።»

ጨረቃ የሰፈር ስሙ ነው። ጎረቤቴ ነው፤ የጋራ ቧንቧችን ሲያንጠባጥብ መጠገን ያቃተው፣ የጠፈር መንኮራኩርን በፍንዳታ ልግፋ ሲል ግን ዕድሜውን የጨረሰ ኢንጂነር። እኔ እንደገባኝ፣ ጠጣሩን ነዳጅ ቀስ አድርጎ በማንደድ ፈንታ እንደ ሳሙና ቆራርጦ ከወፍራም ብረት ጀርባ በየተራ ያፈነዳዋል፤ ብረቱም በተመታ ቁጥር ወደፊት ይሄዳል። ያንን ብረት በሚኒባሴ ጭኜ ያመጣሁለት እኔ ነኝ።

ዛሬ ሥራውን ሊገመግም በመጣው ኮሚቴ ፊት አራት ቁራጮችን በተከታታይ ማፈንዳት ነበረበት። ሦስቱ ዷ፣ ዷ፣ ዷ አሉ፤ ከመስታወቱ ወዲያ፣ በተቆለፈው የሙከራ ክፍል ውስጥ፣ ብረቱን የተሸከመው ጋሪ ሐዲዱ ላይ ተስፈነጠረ፤ እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ። አራተኛው ዝም አለ።

ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፦ ያልፈነዳ ካለ፣ ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ግማሽ ሰዓት ማንም ወደ ክፍሉ አይገባም፤ የበሩን ቁልፍም የሚይዘው ለሙከራው የማይጓጓ ሰው ነው። «አንተን ደግሞ ከኳስ ሌላ ምን ያጓጓሃል!» ብሎ እየሳቀ ጠዋት አንገቴ ላይ ያጠለቀልኝም እሱ ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሰዓታቸውን ያያሉ። «ሕግህን እኛ እናከብርልሃለን፤ የምንሳፈርበት አውሮፕላን ግን አያከብርልህም። አሥር ደቂቃ እንጠብቃለን። ካልሆነ ክፍሉ ከነገ ጀምሮ መጋዘን ይሆናል።»

«ሽቦ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም» ይለኛል ጨረቃ ጆሮዬ ሥር። «አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜዬ እኮ ነው እዚያ ውስጥ ያለው!»

«ዕድሜህማ እዚህ ቆሞ ይጨቀጭቀኛል። ሚስትህን ምን ልበላት?»

«ጋሼ፣ በእናትህ።»

ጋሼ ብሎኝ አያውቅም፤ «ይሄ ሹፌር» ነው የሚለኝ። ጉልበቴን ሊይዝ ሲያጎነብስ በብብቱ ደግፌ አነሳዋለሁ። እንደ ባዶ ጆንያ ይቀለኛል።

ክፋቱ፣ እኔም ጓጉቻለሁ። ከሱ ባልተናነሰ አራተኛውን መስማት አምሮኛል። ቁልፉን ከሸሚዜ ሥር ከትቼ ጀርባዬን በሩ ላይ እለጥፋለሁ።

ውጭ የኮሚቴው መኪና ይነሳል። ጨረቃ ዞር ብሎ እንኳ አያይም፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ይላል።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ በሩን እከፍትለታለሁ። ብቻውን ገብቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ይወጣል።

«ሽቦው ተላቆ ነው» ይላል። አይጮህም፤ አይሳደብም። «ብዬህ ነበር። እየው።»

ሽቦውን መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያስጠጋልኛል። እኔ ግን የማየው ጣቶቹን ነው፤ አንድ ባንድ እቆጥራቸዋለሁ።