አይ፣ ይቅርብኝ

የሕግ ተማሪዋ ጠበቃ ቢሮ ገብታ ኢንተርንሺፕ ካልሠራች መመረቅ የለም። ያመለከተችባቸው ቢሮዎች በሙሉ "እንደውልልሻለን" ብለው፣ ስልካቸው የተሰረቀ ይመስል ድምፃቸው ጠፍቷል። የቀራት ይኼኛው ብቻ ነው።

ጠዋት እናቷ ኮሌታዋን እያስተካከለች፣ "ሰው ፊት እንደ ስግብግብ እንዳትሆኚ። የሰጡሽን ሁሉ ዘለሽ አትቀበዪ፣ ይለምኑሽ!" አለቻት።

ተራዋ ደርሶ ወረፋ የያዙትን ሌሎች ተማሪዎች በር ላይ ትታ ስትገባ፣ ጠበቃው ክራባታቸውን ቦርጫቸው ላይ አስተኝተው ጠበቋት።

"ቁጭ በይ።"

"ግድ የለም፣ እቆማለሁ።"

"ኧረ በሞቴ!"

ተቀመጠች።

"ሻይ ይምጣልሽ?"

"አይ፣ ጠጥቼ ነው የመጣሁት።"

"በሞቴ ስልሽ!"

እሺ ብላ ጠጣች፤ ስኳሩንም አልማረችውም።

ከዚያ ስለ ውል ሕግ ጠየቋት። ያልጠየቋትን ሁሉ ጨምራ አንበለበለችው። ጠበቃው ቦርጫቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

"አንቺስ እኔንም ከወንበሬ ታስነሺኛለሽ! በቃ ወስኛለሁ፣ ሰኞ ሥራ ጀምሪ።"

ልቧ እስክስታ ወረደ። አፏ ግን የእናቷ ነው።

"አይ፣ ይቅርብኝ። በእኔ የተነሳ አይቸገሩ።"

ጠበቃው ትንሽ አዩዋትና፣ "እንግዲህ ሥራ በግድ አይሆንም" አሉ።

ተነሳች። "በሞቴ" እስኪሏት ቦርሳዋን አንዴ ከፈተች፣ አንዴ ዘጋች። ወደ በሩም እንደ ሙሽራ እየተጎተተች ሄደች። እጀታውን ስትይዝ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

"የኔ ልጅ!"

"አቤት!" ብላ ዞረች፤ ጥርሷ ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው።

"ስትወጪ ቀጣዩን ጥሪልኝ።"