በቃሬዛ የመጣ መራጭ

ሊቀመንበሩ በቀበሌው ይኮራል። እዚህ አባት የመረጠውን ልጅም ይመርጣል፤ ምልክት ልቀይር ያለ እስካሁን አልተፈጠረም። በምርጫው ቀንም ገና ጎህ ሳይቀድ ሰልፉ የትምህርት ቤቱን አጥር አልፎ መንገድ ደርሶ ነበር።

"ይኸውልሽ፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ ማንም ጎትቶ አላመጣውም" አላት ከከተማ ለመጣችው የሬዲዮ ጋዜጠኛ።

ይህን ሲል አያ ዳኘው በቃሬዛ ተጭነው፣ አራት ጎረምሶች ተሸክመዋቸው ደረሱ። ሽማግሌው አልጋ ከያዙ ወራት አልፏቸዋል። ሊቀመንበሩ ሰልፉን ከፍሎ አስገባቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስቀባ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀታቸው ላይ ራሱ ምልክት አድርጎ፣ ራሱ አጥፎ ሳጥን ውስጥ ጨመረላቸው።

"የሕዝቡን ፍቅር አየሽ? የአልጋ ቁራኛው እንኳ አልቀረም።"

ጋዜጠኛዋ ማይኩን አስጠጋችላቸው።

"አባቴ፣ በዚህ ሕመምዎ ምን አስነሳዎት?"

"ጤና ጣቢያ የሚያደርሰኝ ሰው ስጠኝ እያልኩ ሊቀመንበሩን ስለምነው ከረምኩ፣ ልጄ። ዛሬ እግዜር ይስጠውና ተሸካሚ ላከልኝ።"

ቀለም የነካውን ጣታቸውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉላት።

"ቅባቱንስ ጣቴን ቀብተውኛል። መርፌውን የምትወጊኝ አንቺ ነሽ?"